ሳኒታይዘር የማይበግረው ቫይረስ

ባለፈው ሳምንት እዚህ መቀሌ፣ ዓዲ ሓቂ አካባቢ ምሳ አዝዘን ስንጠብቅ ጓደኛዬ ከኪሱ ሳኒታይዘር አውጥቶ እጄ ላይ ጠብ አደረገልኝ። ቧንቧው ደርቋል፤ ይሄ ለመቀሌ ልጅ ዜና አይደለም። «በቃ፣ ንጹሕ ነን» አለ። ለኮሮና ቢሆን እሺ። ለኖሮቫይረስ ግን አይሠራም።

«ምግብ ተመረዝኩ» ብለን የምናልፈው ድንገተኛ ትውከትና ተቅማጥ ብዙ ጊዜ የዚህ ቫይረስ ሥራ ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ 685 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሚያሳምምና ወደ 200 ሺሕ እንደሚገድል ይገመታል፤ 50 ሺሕ ያህሉ ሕፃናት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1968 ኦሃዮ ውስጥ ኖርዎክ በምትባል ከተማ ተማሪዎችን ካሳመመው ናሙና ነው በ1972 አልበርት ካፒኪያን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያየው። ከዚያ በኋላ ግን 44 ዓመት ሙሉ ላብራቶሪ ውስጥ ማራባት አቃተ። ቫይረስ ሕያው ሕዋስ ካላገኘ አይራባም፤ ካልተራባ ደግሞ ምን እንደሚገድለው መፈተን አይቻልም። ተመራማሪዎች በዘመዶቹ፣ በድመትና በአይጥ ቫይረሶች እየሞከሩ ይገምቱ ነበር።

መላው የተገኘው በ2016 ሂዩስተን ውስጥ ነው። በቤይለር የሕክምና ኮሌጅ የሜሪ ኢስቲስ ቡድን ከሰው አንጀት ከተወሰደች ቁራጭ ስቴም ሴል ለይቶ ትንንሽ አንጀት አበቀለ፤ ከታማሚ ሰገራ የተገኘውን ቫይረስም ጨመረበት። አንዳንዱ ዝርያ አሁንም እምቢ አለ። ሐሞት ሲጨመርለት ግን ተራባ። አንጀታችን ውስጥ ሐሞት አለ እኮ! ግልጽ የሚመስለው ሌላ ሰው ካሰበው በኋላ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ የአሜሪካው ሲዲሲ ተመራማሪዎች በነዚሁ ትንንሽ አንጀቶች ላይ ፈተኑት። አልኮል ቫይረሱን ሙሉ በሙሉ አላጠፋውም። ክሎሪን፣ ማለትም የበረኪና ዋና ንጥረ ነገር፣ በበቂ መጠን ሲሆን አጠፋው። እንግዲህ ለወለልና ለሽንት ቤት በረኪና፣ ለእጅ ሳሙናና ውሃ።

ውሃ! ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሰባ ካሬ የተፈናቃዮች ጣቢያ ብዙ ቤተሰብ አንድ ሽንት ቤት ይጋራል፤ ቫይረሱ የሚወደውም እንዲህ ያለ መጨናነቅ ነው። ለሮታቫይረስ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ሕፃናቶቻችን ይከተባሉ። ለኖሮቫይረስ ግን ይህን እስከምጽፍ ድረስ ፈቃድ ያገኘ ክትባት የለም፤ ሲመጣም ዝርያው ብዙ ስለሆነ እኛ ጋ የሚዞረውን ይመክት እንደሆነ መፈተን አለበት።

ትንንሾቹን አንጀቶች መቀሌ ውስጥ እናሳድግ አልልም። ቀን ከሌት መብራት ይፈልጋሉ፤ በጦርነቱ ስንት ወር ጨለማ ውስጥ እንደከረምን እናውቃለን። ግን ፈተናው የሚጀምረው ከታማሚ ሰገራ ነው። አንድ አስተማማኝ ጥልቅ ማቀዝቀዣና ጄኔሬተር ቢኖር የኛ ልጆች ናሙና ተጠብቆ የሚፈተንበት ቦታ ሊደርስ ይችላል። ይሄ ግዙፍ በጀት የሚጠይቅ አይመስለኝም።

ለጓደኛዬ ይህን ሁሉ ስነግረው «ታዲያ ውሃውን ከየት ላምጣው?» አለኝ። አንድ ሃይላንድ ገዝተን ግማሹን ታጠብንበት፣ ግማሹን ጠጣነው።