መድረኩ ይቅደም ወይስ መምህሩ?

አውሮፓውያን ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ የክላሲካል ሙዚቃ ወጣቶቻቸውን በቴሌቪዥን ያወዳድራሉ፤ ዩሮቪዥን ያንግ ሚውዚሽያንስ ይባላል። እኛስ ለመሣሪያ ተጫዋች ልጆች እንዲህ ያለ ውድድር እንክፈት? አርሲ ውስጥ አቦምሳ የምታስተምር መምህርት «ይከፈት» ትላለች። አዳማ የሚኖሩ ጡረተኛ የስታቲስቲክስ ባለሙያ «አይሆንም» ይላሉ።

ይከፈት

ስምንተኛ ክፍል ከማስተምራቸው ልጆች አንዱ ክራሩን የሠራው ከአምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን ነው። አውታሩ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ነው፤ ጥምሩን ፈትቶ ቀጭን ቀጭኑን ለይቶ አውጥቷል። ከላይ ባለው አግዳሚ እንጨት ላይ የጠመጠመውን ጨርቅ በአውራ ጣቱ እየገፋ፣ ጆሮውን ጀሪካኑ ላይ ደፍቶ ይቃኛል። ትዝታ ሲጫወት ይቆይና ጨርቁን ነካ ነካ አድርጎ ወደ ባቲ ይገባል። ማን አስተማረህ ስለው «ስልክ» አለኝ። አባቱ «ክራር እንጀራ አይሆንም» ብሎ አንድ ቀን ጀሪካኑን ረግጦ ሰበረበት። ልጁ ሌላ ጀሪካን ፈለገ።

ዘፋኝ ቢሆን ኖሮ የሚሄድበት አያጣም ነበር። ኢትዮጵያን አይዶል ነበረ፣ ባላገሩ አይዶል መጣ፣ ፋና ላምሮት አለ። በእነዚህ ሁሉ መብራቱ የሚበራው ድምፃዊው ላይ ነው፤ ዳኞቹ የሚያወሩት ስለ ድምፁ ነው። ከኋላ ቁጭ ብሎ ኪቦርድ የሚጫወተውን ልጅ ስምህ ማን ይባላል የሚለው የለም። እንዲህ እያየ ያደገ አባት ክራር ቢረግጥ ምን ይገርማል?

ሙዚቃ ያለው አዲስ አበባ ብቻ ነው የሚል ካለ እሁድ ጠዋት አቦምሳ ይምጣ። በአንድ በኩል የሰንበት ትምህርት ቤቱ ከበሮ ይመታል፣ በሌላ በኩል የፕሮቴስታንቱ ቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ ይሰማል። መውሊድ ሲሆን ደግሞ መንዙማው ሌሊቱን ሙሉ ነው። ኖታ ምን እንደሚመስል አይተው የማያውቁ፣ ግን አንዲት ቁልፍ ብትሳሳት ቀድመው የሚስቁ ልጆች አሉን።

እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ዛሬ ዓለም ያደንቃቸዋል። ሥራቸው በ2006 እ.ኤ.አ. በኢትዮጲክስ የሙዚቃ ስብስብ 21ኛ ቅጽ ከወጣ ወዲህ ፒያኗቸውን ያልሰማ ሙዚቃ ወዳድ ጥቂት ነው። ቫዮሊን የተማሩት ግን የት ነው? ስዊዘርላንድ፣ ገና በሕፃንነታቸው አዳሪ ትምህርት ቤት ተልከው። የተላኩት ደግሞ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ስለሆኑ ነው። ችሎታቸውን ማሳነሴ አይደለም። የምጠይቀው በዚያው ዘመን አርሲ ቆላ ውስጥ ያንኑ ጆሮ ይዛ ተወልዳ፣ ውሃ ስትቀዳ ያረጀች ሴት አልነበረችም ወይ ብዬ ነው። ነበረች። ስሟን የምናውቅበት መንገድ አልነበረም እንጂ።

ቴሌቪዥን የማን ልጅ ነህ አይልም። በ2016 እ.ኤ.አ. ሼኩ ካኔ-ሜሰን የሚባል የኖቲንግሃም ልጅ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ፣ የቢቢሲን የወጣት ሙዚቀኞች ውድድር በቼሎ አሸነፈ። ውድድሩ በ1978 ከተጀመረ ጥቁር ሲያሸንፍበት የመጀመሪያው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በልዑል ሃሪ ሠርግ ላይ ሲጫወት ዓለም አየው። ከዚያ ቀን ወዲህ ቼሎ የነጭ ልጅ ዕቃ ነው የሚል ሰው አፍሮ ይናገር።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ክራርና መሰንቆ ከቫዮሊን እኩል ይቅረቡ። ማጣሪያውም አዳማ ላይ አይቁም፤ እኛ ጋ ይድረስ። የልጆቼ ወላጆች የሚኒባስ ሂሳብ ከፍለው አዳማ የሚያድሩበት አቅም የላቸውም።

አይሆንም

ስሜቱ ይቆየንና እንቁጠር።

የአውሮፓው ውድድር በ1982 እ.ኤ.አ. ማንቸስተር ላይ በስድስት አገሮች ተጀምሮ እስከ 2024ቱ የኖርዌይ ቦዶ ውድድር ድረስ 21 ጊዜ ተካሂዷል። የ2020ው በኮሮና ምክንያት ቀርቷል። ከ21 አሸናፊዎች 10ሩ ቫዮሊን፣ 5ቱ ፒያኖ ተጫዋቾች ናቸው። ለቀረው መሣሪያ ሁሉ የተረፈው 6 ነው፤ ሁለት ጊዜ ቼሎ፣ አንድ አንድ ጊዜ ቪዮላ፣ ክላርኔት፣ ፍሉትና ሳክስፎን። በአገር ሲታይ ኦስትሪያ 6፣ ፖላንድ 3፣ ጀርመንና ኔዘርላንድስ 2፣ 2 ጊዜ አሸንፈዋል። አራት አገሮች ከ21 ዋንጫ 13ቱን ወሰዱ ማለት ነው።

አሁን የኦስትሪያን ስድስት አሸናፊዎች አንድ በአንድ እንያቸው። ጁልያን ራክሊን የተወለደው ቪልኒየስ ነው። ሊዲያ ባይች ሴንት ፒተርስበርግ፣ ዳሊቦር ካርቫይ ስሎቫኪያ፣ አሌክሳንድራ ሱም ሞስኮ፣ ዚዩ ሄ ቻይና ተወለዱ። ከስድስቱ አምስቱ መጤ ናቸው። ከነዚህ አምስት ውስጥ አራቱ ደግሞ ያለፉት በአንድ ሰው እጅ ነው፤ ቪየና የሚያስተምረው ቦሪስ ኩሽኒር። እሱም ራሱ የኪየቭ ሰው ነው። እንግዲህ ኦስትሪያ ያሸነፈችው የቴሌቪዥን መድረክ ስላላት ነው ወይስ ልጅ ከቻይና ድረስ ተነሥቶ የሚመጣለት መምህር ስላላት?

ወደ አገራችን ስንመለስ ቁጥሩ ይከብዳል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ100 ኢትዮጵያዊ 45ቱ ከ15 ዓመት በታች ነበር፤ ሕዝቡ ያኔ ወደ 74 ሚሊዮን ይጠጋ ነበር። ያን ሁሉ ልጅ ይዘን ቫዮሊንና ፒያኖ በሥርዓት የሚሰጥበት ስመ ጥር ቤት ጥራ ብባል አፌ ላይ የሚመጣው ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው። የታወቁትን ሰዎቻችንንም መርምሩ። አሸናፊ ከበደ አሜሪካ ተምረው መጡና የያሬድ የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሆኑ። ግርማ ይፍራሸዋ በ16 ዓመቱ ያሬድ ገባ፣ ከዚያ ሶፊያ ሄዶ ፒያኖ ተማረ። ከዚያም በፊት፣ በ1924 እ.ኤ.አ. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆችን ሲያመጡ መምህሩን ኬቮርክ ናልባንዲያንን አብረው አምጥተዋል። የናስ ሙዚቃችን በዚያ መንገድ ተጠናከረ። በውድድር የመጣ አንድም የለበትም።

ደግሞም የአውሮፓውን ውድድር የሚያዘጋጀው የአውሮፓ ስርጭት ኅብረት አባል ስላልሆንን ያኛው መድረክ አይመለከተንም። የራሳችንን እንክፈት ከተባለ ምርት ሳይሰበሰብ ሚዛን መግዛት ነው። ሚዛኑ ደግሞ ርካሽ አይደለም፤ ስቱዲዮ አለው፣ ካሜራ አለው፣ የዳኛ አበል አለው፣ በየሳምንቱ የሚለበስ ልብስ አለው። ማጣሪያው አቦምሳ ደረሰ እንበል። ልጁ ታየ፣ ተጨበጨበለት፣ በሁለተኛው ዙር ወደቀ። ሰኞ ዕለት ተመልሶ ወደ ማን ይሄዳል?

የመምህርቷ መልስ

ሚዛን! ጋሼ፣ ልጆቼ ጤፍ አይደሉም።

«ስሜቱ ይቆየን» ያሉኝንም አልረሳሁትም። አባት የልጁን ክራር ሲረግጥ ማየት ስሜት ተባለ፤ ኦስትሪያ ስድስት ጊዜ ማሸነፏ ግን ቁም ነገር ሆነ። ስለ ቪየና ልጆች የትውልድ ቦታ ይህን ያህል የሚጨነቅ ሰው ስለ አቦምሳ ልጅ አንድ መስመር አልጻፈም። የጻፈለት በሁለተኛው ዙር እንደሚወድቅ ብቻ ነው። ገና ሳይመዘገብ ጣሉት!

«መጀመሪያ መምህር» የሚለውንም ለምደነዋል። እኛ ከተማ ሁልጊዜ አንድ «መጀመሪያ» ይቀድመናል። መጀመሪያ መንገድ፣ መጀመሪያ ውሃ፣ መጀመሪያ መብራት። ተራው ሙዚቃ ላይ ሳይደርስ ልጁ አግብቶ ይወልዳል። ይህን ከአዳማ አስፋልት ላይ ሆኖ መናገር ቀላል ነው።

አርሲ ነን እኮ! ደራርቱ ቱሉ በ1992 እ.ኤ.አ. በባርሴሎና 10,000 ሜትር ወርቅ ስትወስድ ያየ የበቆጂ ልጅ ምን አደረገ? የስታቲስቲክስ ባለሙያ ጠየቀ? በማግስቱ ተነሥቶ ሮጠ። ከዚያች ትንሽ ከተማ ቀነኒሳ ወጣ፣ ጥሩነሽ ወጣች። የሠራው ማየት ነው። እርስዎም ያንን ሩጫ በቴሌቪዥን ሲያዩ ከመቀመጫዎ ተነሥተው እንደጮኹ እገምታለሁ፤ ስሜትዎን አላቆዩትም ነበር።

የባለሙያው መልስ

ጮኼያለሁ፤ ጎረቤትም ሰምቷል። አዳማ አስፋልት አለ ማለትም በየሰፈሩ የቫዮሊን መምህር አለ ማለት አይደለም፤ እህቴ የኛን አቧራ አላየችም።

ግን በቆጂን ለኔ ትጠቅሳለች? በቆጂ ውስጥ ስንታየሁ እሸቱ የሚባሉ አሠልጣኝ አሉ። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። ደራርቱም፣ ቀነኒሳም፣ ጥሩነሽም በልጅነታቸው በእሳቸው እጅ አልፈዋል። ደራርቱ ባርሴሎና የደረሰችው ቴሌቪዥን ስላየች አይደለም፤ ጠዋት ጠዋት ሰዓት ይዞ የሚጠብቃት ሰው ስለነበረ ነው። ኩሽኒር ያልኩት ይህንኑ ነበር፤ የውጭ ስም ስለሆነ ነው መሰል ሳይነበብ ታለፈ።

ገንዘብ ያለው ቴሌቪዥን ካለ የመጀመሪያዎቹን አምስት ዓመታት በጀት ለያሬድ ምሩቃን ደመወዝ ያውለው። አንዱ አቦምሳ፣ አንዱ ወለንጪቲ፣ አንዱ መተሐራ ይመደብ፤ ቤት ኪራያቸውም ይታሰብ። በስድስተኛው ዓመት ውድድሩን ሲከፍቱ ነጥብ ደማሪ ካስፈለጋቸው እኔ በነፃ እመጣለሁ፤ ማጣሪያውን አቦምሳ ያድርጉት።