ካሜራው ይቆይ፤ መጀመሪያ እርሳስ!

ተማሪዎች የዘፈን ክሊፕ ሊሠሩ ነው ሲባል «ካሜራማን ከየት እናምጣ?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉም ከቀደመ፣ ሥራው ገና ሳይጀመር ተበላሽቷል። ይህን በማለቴ የሚከፋው ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ይከፋው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንድ ትምህርት ቤት የሚኒ ሚዲያ ልጆች ግጥሙንም ዜማውንም ራሳቸው ያወጡት ዘፈን አላቸው። ስለ በርበሬ ለቀማ ነው። የእኛ አካባቢ ሰው ደብተርም ጫማም የሚገዛው በበርበሬ መሆኑን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ታዲያ ኮሚቴ ተቋቋመና ምን ተወሰነ? ከየተማሪው መቶ መቶ ብር ይዋጣ፤ ከፍኖተ ሰላም ባለሙያ ይምጣ፤ የባህል ልብስ ይከራይ፤ ከአንድ ባለሀብት መኪና ይለመን። መኪናው ለምንድን ነው ብል «ክሊፑ እንዲደምቅ» ተባልኩ። ኧረ በፈጣሪ! በርበሬው በመኪና ሊለቀም ነው?

መጀመሪያ ልጆቹ ስቶሪቦርድ ይሥሩ ስል ደግሞ «የልጆች ጨዋታ ነው፣ ጊዜ ማባከን ነው» የሚል መልስ መጣ። አንዱማ «ዲፕሎማ ይዘህ ነው ፊልም የምታስተምረን?» ብሎኛል። አዎ፣ ዲፕሎማ ነው ያለኝ። እርሳስ ለመቅረጽ ግን ዲግሪ አይጠየቅም።

ስቶሪቦርድ ማለት እኮ በክሊፑ ላይ የሚታየውን እያንዳንዱን ምስል ከቀረጻ በፊት በትንንሽ ሣጥን ውስጥ በተራ መሳል ነው። ከሥሩ ማን እንዳለ፣ ቦታው የት እንደሆነ፣ የትኛው ስንኝ እንደሚዘፈንና ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ይጻፋል። ሠዓሊ መሆን አያስፈልግም፤ በአራት መስመር የተሠራ የእንጨት ሰው ይበቃል።

«የፈረንጅ ነገር ነው» ላላችሁኝም መልስ አለኝ። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ በ44 ሣጥን ተስሎ ያላየ ማን አለ? ከዘንዶው ጀምሮ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሳይቀር በዓይኑ እየተከተለ ያነበዋል። የቅኔ ተማሪስ? ቅኔውን ቆጥሮ፣ ለመምህሩ ነግሮ፣ ታርሞ አይደለም እንዴ ሰው ፊት የሚቆመው? ጎጃም ላይ ተቀምጦ «አስቀድሞ ማሰብ ጊዜ ማባከን ነው» ማለት ያሳፍራል።

ደግሞም እኛ የማንኩሳ ሰዎች ነን። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያሳትሙ የበዛብህን አገር ያሳዩት በቀለም ብቻ ነው። ወጋየሁ ንጋቱም በሬዲዮ ሲተርከው አንድም ምስል አልነበረውም፤ አድማጩ ግን ማንኩሳን አይቷታል። ምስል መጀመሪያ ጭንቅላት ውስጥ ካልተሠራ ካሜራው ከየት ያመጣዋል?

ብሩ ሳይዋጣ፣ ሁለት ከሰዓት ያህል ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብለን ሞከርነው። ዘፈኑ 4 ደቂቃ ነው፤ 240 ሰከንድ ማለት ነው። አንዱ ምስል በአማካይ 4 ሰከንድ ቢቆይ 60 ሣጥን ያስፈልጋል። አንድ ወረቀት አጥፈን 8 ሣጥን አወጣንበት፤ 60ውን ለመሙላት 8 ወረቀት በቃን። ከዚያ ክርክሩ ተጀመረ። አዝማቹ ሦስት ጊዜ ይመላለሳል፤ ሦስቴም ያው እስክስታ ይሁን? አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ «በመጀመሪያው በርበሬው ተክሉ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ይታይ፤ በሁለተኛው ቀይ ሆኖ መሬት ላይ ይሰጣ፤ በሦስተኛው ባዶው ጆንያ ይታይ» አለች። ቤቱ ጸጥ አለ። ባዶ ጆንያ! ተሽጦ ነው? ተበልቶ ነው? ለዕዳ ሄዶ ነው? ይህን የትኛው ተከራይ ካሜራማን ያስበዋል?

ወዲያው ደግሞ ሌላ ልጅ የወቅቱን ነገር አነሣ። ኮሚቴው ቀረጻውን የያዘው ለግንቦት ነው። በግንቦት የትኛው ማሳ ላይ ነው በዝናብ የበቀለ ቀይ በርበሬ የሚገኘው? ቀዩ በኅዳርና በታኅሣሥ ነው የሚሰጣው። ሣጥኖቹ ባይሳሉ ኖሮ ብሩ ተከፍሎ፣ ባለሙያው መጥቶ፣ ባዶ መሬት ላይ ያስጨፍረን ነበር። ያውም በቀትር፣ ፀሐይ ከአናት ሆና የሁሉንም ዓይን በጥላ በምትሸፍንበት ሰዓት!

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። አንዲት ልጅ ስሟን የጻፍንበትን ሣጥን አይታ፣ ፊቷ በቅርበት እንደሚወጣ ስታውቅ «ቲቸር፣ እኔ ፊቴ እንዲታይ አልፈልግም፤ እጄ ሲለቅም ብቻ ይታይ» አለችኝ። በአንድ ላጲስ ተስተካከለ። ወረቀቱ ባይኖር መቼ ትናገር ነበር? ካሜራው ፊቷ ተደቅኖ፣ ጓደኞቿ እያዩ፣ ባለሙያው «ቶሎ በይ» እያላት? ወይስ ዩቲዩብ ላይ ከወጣ በኋላ? አባትና እናትስ ምን አይተው ነው የሚፈቅዱት? ስቶሪቦርዱ ግን ቤት ድረስ ተወስዶ ይታያል። «ይህችን አውጡ» ለማለትም ጊዜ አለ።

ህንዳዊው ሳትያጂት ራይ በ1955 እ.ኤ.አ. ለወጣው የመጀመሪያ ፊልሙ ለ«ፓተር ፓንቻሊ» የያዘው የተሟላ ጽሑፍ ሳይሆን በንድፍ ሥዕል የተሞላ ደብተር ነበር። ካሜራውን የያዘለት ሰው ከዚያ በፊት የፊልም ካሜራ ነክቶ አያውቅም። ታሪኩም የገጠር ድሃ ቤተሰብ ታሪክ ነው፤ ማድመቂያ መኪና አልተለመነለትም።

ባለሙያ አልጠላሁም። ይምጣ፤ ሲመጣ ግን የልጆቹን ወረቀት ተቀብሎ፣ እሷ «እዚህ ጋ ቁም» ስትለው ይቁም። ካልሆነም ስልክ አለ፤ ዘፈኑን በስፒከር እየለቀቁ ከንፈር ማስገጠም ለእነሱ ብርቅ አይደለም፣ ቲክቶክ ላይ ሲያደርጉት ነው የሚውሉት። ኮሚቴው መቶ መቶ ብሩን ከመሰብሰቡ በፊት እነዚያን 8 ወረቀቶች ያንብብ፤ መኪናው የትኛው ሣጥን ውስጥ እንደሚገባም ያሳየኝ።

ባለ 8 ሣጥኑን ቅጽ በስልክ አንስቼዋለሁ። በቡሬም፣ በፍኖተ ሰላምም፣ በየገጠሩም ሚኒ ሚዲያ የያዛችሁ መምህራን ኢንቦክስ አድርጉልኝ፤ ኔትወርክ በተገኘ ሰዓት እልክላችኋለሁ።