የታመመው የቤት ውስጥ ባሕር እንዴት ይድናል?

በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ትንሽ ባሕር ሠርቶ ዓሣና ኮራል ማኖር፥ ከባሕር ርቆ ለሚኖር ሰው ትልቅ ደስታ የሚሰጥ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ሰውዬው በአዲስ አበባም ይኑር በዋሽንግተን ወይም በዱባይ፥ መሣሪያውን ከገዛ ጨውና ውሃ ቀላቅሎ በአንድ ቀን ሣጥኑን ሊሞላ ይችላል። ነገር ግን ሣጥን መሙላትና ባሕር መሥራት አንድ አይደሉም። ብዙ ጊዜ ገና ሳምንት ሳይሞላ ውሃው እንደ አጓት ይደፈርሳል፤ ዓሣው ወደ ላይ ወጥቶ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ኮራሉም ተኮማትሮ ይዘጋል። ባለቤቱ በዚህ ጊዜ ይደነግጣል። የዛሬው ጽሑፋችን ከዚህ ድንጋጤ በኋላ ስለሚሠራው ሥራ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ይያዙልን። አዲስ ሣጥን ብዙውን ጊዜ የሚጠፋው በመጀመሪያው ስሕተት ሳይሆን፥ ያንን ስሕተት በአንድ ሌሊት ለማረም ሲባል በሚሠራው በሁለተኛው ስሕተት ነው። አባቶቻችን «የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» ይላሉ። እህል ቢፈስ ይለቀማል፤ የሞተ ዓሣ ግን አይለቀምም።

ይህ ችግር አዲስ አይደለም። ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ የለንደን ኬሚስት በ1849 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሁለት ወርቃማ ዓሣዎችን ከውሃ ተክል ጋር በአንድ የመስተዋት ዕቃ ውስጥ አኖረ። ተክሉ ለዓሣዎቹ የሚተነፍሱትን አየር ይሰጣል ብሎ ነበር፤ አሳቡም ትክክል ነበር። ሆኖም የሞቱት ቅጠሎች እየበሰበሱ ውሃውን አደፈረሱት፤ ዓሣዎቹንም ለአደጋ አጋለጧቸው። ዋሪንግተን ምክንያቱን ከመረመረ በኋላ የበሰበሰውን ቅጠል የሚበሉ የውሃ ቀንድ አውጣዎችን ጨመረበት። ውሃው ጠራ፤ ዓሣዎቹም ጤና አገኙ። ይህንንም በ1850 ለለንደን የኬሚስቶች ማኅበር አስረዳ። በ1853 በለንደን የእንስሳት መጠበቂያ ለሕዝብ የሚታይ የዓሣ ቤት ተከፈተ፤ በ1854 ደግሞ ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ የባሕርን ውሃ ከልዩ ልዩ ጨዎች ቀምሞ መሥራት እንደሚቻል ጽፎ አሳወቀ። ዛሬ ጨው በከረጢት ገዝተን በቤታችን ባሕር የምንሠራው ይህንኑ መንገድ ተከትለን ነው።

እንግዲህ ውሃውን የሚያሳምመው ምንድን ነው? ዓሣ ሲተነፍስና ቆሻሻውን ሲያስወጣ፥ የተረፈውም ምግብ ሲበሰብስ አሞኒያ የተባለ መርዝ ይፈጠራል። በሰፊው ባሕር ይህ መርዝ ተበትኖ ይጠፋል፤ በሣጥን ውስጥ ግን መሄጃ የለውም። በኪየቭ የተወለደው ሊቅ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ በ1890 ገደማ በስዊስ አገር በዙሪክ ከተማ ሲመራመር፥ ይህን ነገር የሚለውጡ ሁለት ዐይነት ባክቴሪያዎች መኖራቸውን አስረዳ። የመጀመሪያዎቹ አሞኒያን ወደ ናይትራይት ይለውጣሉ፤ ሁለተኛዎቹ ደግሞ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ። ናይትሬት ከሁለቱ ይልቅ ጉዳቱ እጅግ ያነሰ ነው፤ እርሱንም ውሃ በየጊዜው በመቀየር መቀነስ ይቻላል።

እነዚህ ባክቴሪያዎች እንደ እርሾ ናቸው። እናት እንጀራ ለመጋገር ስትነሣ ዱቄትና ውሃ ቀላቅላ ወዲያው ምጣድ አትጥድም፤ እርሾ ጨምራ ሊጡ እስኪቦካ ትጠብቃለች። አዲስ ሣጥንም እንዲሁ ነው። ባክቴሪያዎቹ በደንጊያው፥ በአሸዋውና በማጣሪያው ላይ ተባዝተው ሥራቸውን እስኪጀምሩ ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ሊጡ ሳይቦካ ምጣዱን የጣደ ሰው ቂጣ ይጋግራል፤ ሣጥኑ ሳይቦካ ዓሣ ያስገባ ሰው ግን መርዝ ውስጥ ከተተው ማለት ነው። የባሕር ውሃ በጠባዩ ከተራ ውሃ ይልቅ ወደ አልካሊነት ስለሚያዘነብል፥ በውስጡ ያለው አሞኒያ ይበልጥ ጎጂ ነው።

እርስዎም ዓሣውን ቸኩለው አስገብተው ከሆነ የሚከተለውን ያድርጉ። ከተቻለ ዓሣውን የበሰለ ሣጥን ላለው ወዳጅ በዐደራ ይስጡ፤ ወይም ለሸጠልዎ ሰው ይመልሱ። ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ይህ ነው፤ የሚያሳፍርም አይደለም። ይህ ካልተቻለ ምግቡን በጣም ይቀንሱ፤ ጤነኛ ዓሣ አንድ ሁለት ቀን ቢጾም አይሞትም፤ ያልተበላ ምግብ ግን ሌላ አሞኒያ ይሆናል። አየር የሚነፋውን ፓምፕ ያጠንክሩ። አሞኒያውን በመመርመሪያ ጠብታ በየቀኑ ይለኩ፤ በታየም ጊዜ የውሃውን አንድ አራተኛ አውጥተው፥ አስቀድሞ በሌላ ባልዲ ተዘጋጅቶ ጨውና ሙቀቱ ከሣጥኑ ጋር እኩል በሆነ ውሃ ይተኩ።

ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ አራተኛውን ሲቀይሩ ከመርዙ 75 እጅ በመቶ ይቀራል። በማግሥቱ ሲደግሙት 56፥ በሦስተኛው 42፥ በአራተኛው ቀን 32 ያህል ይቀራል። እርግጥ ዓሣው በየቀኑ አዲስ አሞኒያ ስለሚጨምር ቁጥሩ በዚህ ልክ አይወርድም፤ ስለዚህ መለካቱን መተው አይገባም። ከነአካቴው ሁሉንም ውሃ በአንድ ጊዜ ለምን አልደፋም ይሉ ይሆናል። አዲሱ ውሃ በጨውም በሙቀትም ትንሽ ከተለየ፥ በመርዝ የደከመው ዓሣ በድንገተኛው ለውጥ ሊሞት ስለሚችል ነው።

በዚህ ጊዜ ሁለት ነገሮች ፈጽሞ አይደረጉም። አንደኛ፥ ማጣሪያው ቆሽሿል ብለው በቧንቧ ውሃ አይጠቡት፤ በቧንቧ ውሃ ያለው ክሎሪን ገና የበቀለውን እርሾ ይገድለዋል። ሁለተኛ፥ በማጣሪያው ፓምፕ ላይ አይቀልዱ፤ ባክቴሪያዎቹም አየር ይፈልጋሉና። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር የሚኖሩ ከሆነ፥ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ከማናቸውም ጌጥ አስቀድሞ መገዛት አለበት።

እርሾ ከጎረቤት እንደሚለመን ሁሉ፥ ጤነኛ ሣጥን ካለው ሰው ጥቂት ደንጊያ ወይም የማጣሪያ ስፖንጅ መለመን ጊዜውን ያሳጥረዋል። ሊ ቺን ኤንግ የተባለ የጃካርታ ሰው በ1961 በጻፈው ጽሑፍ፥ ከባሕር የወጣ ሕይወት ያለበት ደንጊያና የአየር አረፋ ብቻ ተጠቅሞ የባሕር ዓሣዎችን እንዴት እንደሚያኖር ገልጾ ነበር። ያ ደንጊያ በላዩ የያዘው ዋናው ሀብት ዐይን የማያየው እርሾ ነበር።

ሁለተኛው የታወቀ ስሕተት የጨው ነው። በአንድ ኪሎ የባሕር ውሃ ውስጥ በአማካይ 35 ግራም ጨው አለ። ቀይ ባሕር ዝናብ ስለሚያንሰውና ፀሐይ ስለሚበረታበት ከዚህ ያልፋል፤ በሰሜን በኩል ወደ 40 ግራም ይደርሳል። በቤት ሣጥን ግን 35ን ይዞ መሄድ ይበቃል፤ በሃይድሮሜትር ሲለካ 1.025 ወይም 1.026 ያህል ያሳያል። ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት ውሃው በትነት ሲቀንስ የጨው ውሃ እየጨመሩ ነው። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨው አይተንም። ስለዚህ የጎደለው የሚሞላው ጨው በሌለበት ንጹሕ ውሃ ነው።

ጨው ከበዛ በምሳሌ እንየው። ሣጥንዎ 100 ሊትር ይዞ በሊትር 40 ግራም ጨው ተገኘበት እንበል። 35 ላይ ለማድረስ 12 ሊትር ተኩል ያህል አውጥቶ በንጹሕ ውሃ መተካት ነው። ይህን በአንድ ጊዜ በማድረግ ፈንታ፥ በቀን ሁለት ሊትር ተኩል እየተኩ በአምስት ቀን ይጨርሱት፤ መጨረሻው ከ35 ጥቂት ብቻ ይበልጣል። ጨው ካነሰ ደግሞ በተቃራኒው፥ በትነት የጎደለውን ለጥቂት ቀናት በጨው ውሃ እየሞሉ ቀስ ብለው ከፍ ያድርጉት። ደረቅ ጨው በእጅ ዘግነው ሕይወት ባለበት ሣጥን ውስጥ በፍጹም አይጣሉ፤ ፍሬው ያረፈበትን ኮራል ይለበልበዋል። ጨው በባልዲ ተበጥብጦ፥ ፓምፕ እያማሰለው አድሮ፥ ተለክቶ ነው ወደ ሣጥን የሚገባው።

ሦስተኛው ስሕተት ከሁሉ የከፋው ነው፤ እርሱም መዳብ ነው። ለታመመ ዓሣ ከሚሸጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ መዳብ አለባቸው። ዓሣ በልክ ቢሰጠው ይችለዋል፤ ኮራል፥ ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ግን በጥቂቱም ይሞታሉ። ከዚህም በላይ መዳብ በደንጊያውና በአሸዋው ላይ ተጣብቆ ይቀርና ቆይቶ እንደ ገና ወደ ውሃው ይወጣል። ይህ ስሕተት ከተሠራ ሕይወት ያላቸውን ወዲያው ወደ ሌላ ውሃ ማዛወር፥ ደንጊያውንና አሸዋውንም ለኮራል ሣጥን ዳግመኛ አለመጠቀም ይሻላል። እንደ ገና መጀመር የሚገባበት ጊዜ ቢኖር እንዲህ ያለው ነው።

በአንጻሩ በሽታ ሳይሆን በሽታ የሚመስልም አለ። በመጀመሪያዎቹ ወራት አሸዋውና መስተዋቱ ቡናማ ዐቧራ የመሰለ ነገር ይለብሳሉ። ይህ ዳያቶም የተባለ በዐይን የማይለይ ረቂቅ ፍጥረት ሲሆን፥ ብዙውን ጊዜ በአዲስ ሣጥን ታይቶ በራሱ ጊዜ ይቀንሳል። ይህን አይቶ መድኃኒት የሚያፈስ ሰው ጤነኛውን ያሳምማል። መስተዋቱን መወልወል ይበቃል።

ለዚህ ሁሉ የሚረዳው መሣሪያ ርካሽ ነው፤ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ። በትምህርት ቤትም ሆነ በመሥሪያ ቤት መዝገብ መያዝ ለለመደ ወጣት አይከብድም። በየማታው ቀኑን፥ ሙቀቱን፥ ጨውን፥ አሞኒያውንና ናይትራይቱን ይጻፉ፤ በዚያ ቀን ያደረጉትንም አንድ ነገር ከጎኑ ያስፍሩ። አንድ ነገር ያልነው በከንቱ አይደለም። በአንድ ቀን ጨውን አስተካክለው፥ መድኃኒት ጨምረው፥ መብራቱንም ከለወጡ፥ ዓሣው ቢሻለው የትኛው እንዳዳነው፥ ቢብስበትም የትኛው እንደጎዳው አያውቁም።

ይህን ያህል መጨነቅ ለአንዲት ትንሽ ዓሣ ነውን? የሚል ይኖር ይሆናል። አዎን። ለጌጥ ከሚሸጡት የባሕር ዓሣዎች አብዛኞቹ ዛሬም በእርባታ የተገኙ ሳይሆኑ ከባሕር የተጠመዱ ናቸው። ዓሣዋ በእኛ ቸልተኝነት ብትሞትና በምትኳ ሌላ ብንገዛ፥ ሌላ ዓሣ ከባሕር እንዲጠመድ ማዘዛችን ነው። የኪሳችን ነገር ሳይረሳ፥ ይህም ሊታሰብበት ይገባል።

እንግዲህ ሣጥኑ መዳኑ በምን ይታወቃል? አሞኒያና ናይትራይት ሁለቱም ዜሮ ሆነው፥ ዓሣው እየበላ፥ ሳምንት ሙሉ ዜሮ ሆነው ሲቆዩ ነው። ውሃው ጠርቶ መታየቱ ብቻ ምስክር አይሆንም፤ አሞኒያ በጠራ ውሃም ውስጥ ይኖራልና። ከዚያ በኋላ አንድ ዓሣ ይጨመራል፤ ሌላው ከሳምንታት በኋላ ይከተላል፤ ኮራል ደግሞ ጥቂት ወራት ቆይቶ፥ የጨውና የሙቀት ቁጥር በደብተሩ ላይ መዋዠቁን ሲተው ይገባል። ደብተርዎ ለጊዜው ባዶ መስመር ቢበዛበት አይዘኑ። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል።