ርዕሱ ባዶውን ይታተም፣ ቀለሙን እኛ እንቀባ

በዚህ እትም አስተያየት የመጻፍ ተራው የኔ ነው። የምጽፈው ስለ ርዕስ ነው፤ ከጽሑፉ በላይ በትልቁ ስለሚቀመጠው።

ክበባችን ውስጥ ክርክር ተነሥቷል። ቤታቸው ኮምፒውተርና ፕሪንተር ያላቸው ልጆች "ከአሁን በኋላ ርዕሶች በሙሉ በኮምፒውተር ይሠሩ፣ እውነተኛ መጽሔት ይመስላል" ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ "በእጅ የሚጻፍ መጽሔት ከሆነ ርዕሱም በእጅ ይጻፍ" ይላሉ። ኦቶግራፍ እያዘጋጁ ያሉት የስምንተኛ ክፍል ልጆች ጋርም ያው ነው። "የማልረሳው ቀን" የሚለውን ገጽ አንዱ አሳትሞ ይለጥፋል፣ ሌላው በማርከር ይጽፋል፣ ከዚያ የማን ይበልጣል ምናምን ይባባላሉ።

እኛ ቤት ወንድሜ የሚሠራበት ኮምፒውተርና አንድ አሮጌ ፕሪንተር አለ። ስለዚህ ቀንታ ነው እንዳትሉኝ። ሁሉም ርዕስ ታትሞ ይምጣ በሚለው ግን አልስማማም።

እስቲ የኛን ፊደል እንይ። እንግሊዝኛ ያለው 26 ፊደል ነው። የኛ 33ቱ በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ "ቨ"ን ከነቤተሰቧ ስንጨምር 238። እነ ሏ፣ ቧ፣ ቷ ገና አልተቆጠሩም። አዲስ ፎንት የሚሠራ ሰው ይህን ሁሉ አንድ በአንድ መሣል አለበት። ለእንግሊዝኛ ፎንት እንደ አሸዋ ሆኖ ለአማርኛ ጥቂት የሆነው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጆች 1999 ነው። ኒያላ የሚባለው ፎንት ከዊንዶውስ ጋር አብሮ መምጣት የጀመረው ደግሞ በቪስታ ጊዜ ነው። ታዲያ ሁላችንም ቤት ያለው እሱው ስለሆነ ዜናውም በኒያላ፣ ግጥሙም በኒያላ፣ ቀልዱም በኒያላ ይሆናል። የሐዘን ማስታወቂያና የልደት ጥሪ አንድ መልክ ሲኖራቸው አስቡት!

ደግሞ የኛ ፊደል ካፒታልና ስሞል የለውም። ፈረንጅ ርዕሱን በካፒታል ጽፎ ይገላገላል። እኛ ርዕስን ከጽሑፍ የምንለየው በመጠን፣ በቀለምና በጌጥ ነው። የብራና ጸሐፊዎች ይህን ከጥንት ያውቁታል። ጽሑፉን በጥቁር ቀለም ይጽፉና መግቢያውንና የቅዱሳንን ስም በቀይ ያደርጉታል፤ ከገጹ አናት ላይ እርስ በርሱ የተጠላለፈ ሐረግ ይሥላሉ። እኛም ሰፈር ቢሆን ጎማ ላይ በነጭ ቀለም "ጎሚስታ" ብሎ የጻፈው ሰውዬ ኮምፒውተር አላስፈለገውም፤ ከሩቅ ይነበባል። ቃሊቲ ጉምሩክ አካባቢ የሚቆሙትን የጭነት መኪኖችም ልብ ብላችሁ እዩአቸው፤ ጥላ የተሠራላቸው ቢጫና ቀይ ፊደሎች አሉባቸው።

ይህ ሁሉ ግን የመልክ ነገር ነው። እኔን የከነከነኝ ባለፈው እትም ያየሁት ነው። የአንዲት አራተኛ ክፍል ልጅ ግጥም ርዕሱ በእስክርቢቶ ስለተጻፈ መጨረሻ ገጽ ላይ ሆነ። ከፊት የተቀመጡት ርዕሳቸው በባለቀለም የታተመላቸው ናቸው። ግጥሙን አንብቤዋለሁ፣ ስለ አቃቂ ወንዝ ነው፣ ከፊተኞቹ ይበልጣል። ልጅቷ "ፕሪንት ስላላደረግኩ ነው አይደል?" ብላ ስትጠይቅ የመለሰላት የለም። ኮምፒውተር የሌለው ልጅ ኮምፒውተር ቤት ሄዶ ያሳትም ከተባለ ገንዘብ ነው። ለአንድ ባለቀለም ገጽ የሚከፈለው በጥቁርና ነጭ ብዙ ገጽ ያሳትማል። ለአንድ ርዕስ ብሎ እናቱን ብር የሚጠይቅ ማን ነው?

ኮምፒውተሩ ይቅር ማለቴ ግን አይደለም። "በእጅ ብቻ" የሚሉትም ትንሽ አብዝተውታል። የእጅ ጽሑፉ የማያምር ልጅ አለ፣ እሱም ገጹ እንዲያምርለት ይፈልጋል። ደግሞም ፎንት ራሱ ከሰው እጅ የመጣ ነው። ፊደል አሳምረው በመጻፍ በሚታወቁት በይገዙ ብስራት ስም የተሰየመ ፎንት እንኳ አለ።

የኔ ሐሳብ እንዲህ ነው። ርዕሱን በ72 መጠን እንጻፈው፤ ከዚያ ጠርዙ ብቻ ቀርቶ ውስጡ ባዶ እንዲሆን እናድርግና በጥቁር ብቻ እናሳትመው። አንድ ወረቀት ላይ ስድስት ሰባት ርዕስ ይገባል። የታተመውን መስኮት መስተዋት ላይ አድርጋችሁ ንጹህ ሉክ ከላዩ ብትደርቡ ብርሃኑ ፊደሉን ያሳያችኋል፤ በእርሳስ ትከተሉታላችሁ፣ በቃ። አንድ ሰው ያሳተመው ለመላው ክፍል ይበቃል። ውስጡን እያንዳንዱ እንደ ጽሑፉ ይሥራው። "ዝናብ" የሚለውን ጠብታ ሙሉት፤ "እግር ኳስ" ከሆነ ኳስ፤ ሐረግ የሚችል ሐረግ። ኮላ ስትቀቡ ግን ተጠንቀቁ፤ የአንዳንድ ፕሪንተር ቀለም እርጥበት ሲነካው ይፈስሳል። ኮላውን ጥግ ጥጉ ላይ ብቻ ነካ አድርጉ።

የገጽ ቅደም ተከተልን በተመለከተ፣ ጽሑፎቹ ርዕሳቸው ሳይለጠፍ ለአዘጋጆቹ ይቅረቡ። አንብበው ቦታ ከሰጡ በኋላ ርዕሱ ይለጠፍ። ቲቸርም በዚህ ላይ ሐሳባቸውን ቢሰጡን ደስ ይለኛል።

"ዜና"፣ "ግጥም"፣ "እንቆቅልሽ"፣ "ጤናችን"፣ "ቀልድ"ና "አስተያየት" የሚሉትን ባዶ ርዕሶች አሳትሜ ለክበቡ ጸሐፊ ሰጥቻለሁ። ረቡዕ በእረፍት ሰዓት በመስኮቱ በኩል ባለው ጠረጴዛ እንገናኝ። መቀስና ባለቀለም እርሳስ ያለው ይዞ ይምጣ። ያቺ የአራተኛ ክፍል ልጅም ትምጣ፣ "ግጥም" የሚለውን እሷ ትቅባው።