ከአቅም በላይ የሚሮጥ ስልክ፦ ትርፉና ኪሳራው

የእጅ ስልክ በምዕራብ ጎጃም ተማሪ ሕይወት ውስጥ የያዘው ቦታ ከመደወያነት ካለፈ ቆይቷል። በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ፣ ከዚያም ወጣ ብሎ በጃቢ ጠህናን፣ በቋሪትና በወንበርማ የገጠር ቀበሌዎች፣ አንድ ስልክ የመማሪያ መጽሐፍ ማንበቢያ፣ የሒሳብ ማስያ፣ የሌሊት ማጥኛ መብራት፣ ቴሌብር እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ የገንዘብ ቦርሳ ጭምር ሊሆን ይችላል። ይህ ሁሉ ሸክም የሚጫነው ግን ብዙውን ጊዜ በርካሽ በተገዛ ወይም ከታላቅ ወንድም በተላለፈ ስልክ ላይ ነው። እንዲህ ያለው ስልክ ሲንቀራፈፍ፣ ተማሪዎች እንደሚሉትም «ስታክ» ሲያደርግ፣ ፍጥነቱን ፋብሪካው ከወሰነው በላይ ማሳደግ ይቻላል የሚለው ወሬ ጆሮ ቢስብ አያስደንቅም። በእኛ እምነት ግን ይህ መንገድ፣ በተለይ አንድ ስልክ ብቻ ላለው ተማሪ፣ ከትርፉ ኪሳራው ያመዝናል። ምክንያቱም የሚገኘው ሩቅ ሳይሆን በክፍል ውስጥ ከሚሰጠው ፊዚክስና ኬሚስትሪ ነው።

ለመሆኑ ኦቨርክሎኪንግ ምንድን ነው?

የስልክ ፕሮሰሰር ሥራውን የሚያከናውነው በምት ነው። 1.3 ጊጋኸርዝ ማለት በየሴኮንዱ 1.3 ቢሊዮን ምት ማለት ነው። ይህን ምት አምራቹ ከወሰነው በላይ ማፋጠን ኦቨርክሎኪንግ ይባላል። በአንድሮይድ ስልክ ላይ ይህን ለማድረግ በአብዛኛው ሁለት እርምጃዎች ያስፈልጋሉ፦ አንደኛው የአምራቹን ቁልፍ ከፍቶ በስልኩ ላይ ሙሉ ሥልጣን መያዝ፣ ማለትም «ሩት» ማድረግ ነው፤ ሁለተኛው ከርነል የሚባለውን የሶፍትዌሩን እምብርት በተሻሻለ ቅጂ መተካት ነው።

ፍጥነት በነጻ አይገኝም

ፕሮሰሰር በሥራ ላይ ሳለ የሚፈጀው ኃይል በምቱ ልክ፣ በቮልቴጁ ደግሞ በስኩዌሩ ልክ ይጨምራል። ምቱ ሲፋጠን ትራንዚስተሮቹ እንዳይሳሳቱ ቮልቴጁንም ከፍ ማድረግ ብዙ ጊዜ የግድ ይሆናል። እንግዲህ ምቱን በ20 በመቶ፣ ቮልቴጁን በ10 በመቶ አሳደግን እንበል። 1.2 ሲባዛ በ1.1፣ እንደገና ሲባዛ በ1.1፣ ውጤቱ 1.45 ገደማ ነው። የ20 በመቶ ፍጥነት በ45 በመቶ ተጨማሪ ኃይል ተገዛ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ሮበርት ዴናርድና ባልደረቦቹ ትራንዚስተር ባነሰ ቁጥር ቮልቴጁም አብሮ ሊቀንስ እንደሚችል አሳይተው ነበር። ይህ ዕድል በ2000ዎቹ አጋማሽ በመሟጠጡ፣ አምራቾች ምትን ያለ ገደብ ማፋጠኑን ትተው በአንድ ቺፕ ላይ ብዙ ፕሮሰሰሮችን ወደ መደርደር ፊታቸውን አዞሩ። ግዙፎቹ ኩባንያዎች የሸሹትን ግድግዳ በአንዲት ርካሽ ስልክ ማፍረስ አይቻልም።

የተፈጀው ኃይል ደግሞ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ስልክ እንደ ኮምፒውተር ማራገቢያ ስለሌለው ሙቀቱን የሚያስወግደው በገላው በኩል ወደ አየር ነው። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር አካባቢ ላይ የሚገኙ በመሆናቸው፣ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። የሳሳ አየር የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ነው። ስልኩ ከመጠን በላይ ሲግል ራሱን ለማዳን ምቱን መልሶ ይቀንሳል፤ በመሆኑም በብዙ ድካም የተገኘው ፍጥነት በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሊተን ይችላል።

ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ባትሪው ነው። ስቫንቴ አሬኒየስ እ.ኤ.አ. በ1889 እንዳብራራው ሙቀት ኬሚካላዊ ምላሽን ያፋጥናል፤ ከእነዚህም መካከል የሊቲየም ባትሪን የሚያስረጁት ይገኙባቸዋል። ያረጀ ባትሪ በበኩሉ ፕሮሰሰሩ በድንገት የሚፈልገውን ኃይል ማቅረብ ይሳነዋል። አፕል እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ባትሪያቸው ያረጀ አይፎኖች በድንገት እንዳይጠፉ ፍጥነታቸውን መቀነሱን ማመኑ ይታወሳል። ለጊዜያዊ ፍጥነት ተብሎ ባትሪን ማቃጠል የኋላ ኋላ ዝግመትን መግዛት ነው።

ለከተማ ነዋሪ ሶኬት ቅርብ ነው። ከመብራት መስመር ርቆ ለሚኖር፣ ስልኩን በትንሽ የፀሐይ ፓነል ወይም በገበያ ቀን ከተማ ወስዶ ቻርጅ ለሚያደርግ ተማሪ ግን፣ በከንቱ የባከነ ኃይል ማለት ያልተነበበ ምዕራፍ ማለት ነው። በዚህ ላይ ብዙ የባንክ መተግበሪያዎች ሩት በተደረገ ስልክ ላይ አልሠራም ይላሉ፤ ከማይታወቅ ምንጭ የመጣ ሶፍትዌርም ለሌባ በር ሊከፍት ይችላል።

ዝግመቱ ከወዴት ይመጣል?

ብዙ መተግበሪያዎችን በአንድ ጊዜ ለማሠራት በቅድሚያ የሚያስፈልገው የራም ስፋት ነው። ራም እንደ ማጥኛ ጠረጴዛ ነው፤ ጠረጴዛው ጠባብ ከሆነ አንዱን መጽሐፍ ለመዘርጋት ሌላውን ማንሳት ግድ ይላል፤ አንባቢው ቢፈጥን ጠረጴዛው አይሰፋም። ማከማቻውም ከጎተራ ጋር ይመሳሰላል። ጢም ብሎ የሞላ ማከማቻ አዲስ ነገር ከመጻፉ በፊት አሮጌውን እያነሣ ቦታ ማጽዳት ስላለበት ይዘገያል። ገጽ አልከፈት ሲልም ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የኔትወርኩ እንጂ የፕሮሰሰሩ አይደለም።

ስለሆነም መፍትሔው ቀላል ነው። የማያስፈልጉ መተግበሪያዎችንና ቪዲዮዎችን ማጥፋት፣ ከጀርባ ሆነው የሚሠሩትን መገደብ፣ ለአነስተኛ ስልኮች የተዘጋጁትን ቀላል ቅጂዎች መጠቀም፣ ያረጀ ባትሪን መቀየር። «ራም እናጸዳለን» የሚሉት መተግበሪያዎች ግን የዘጉት ሁሉ ወዲያው ተመልሶ ስለሚከፈት ጭራሽ ኃይል ሊያባክኑ ይችላሉ።

መመርመር አይከልከል

ይህን ስንል የወጣቱን የመመርመር ፍላጎት ማቀዝቀዛችን አይደለም። ቴክኖ እ.ኤ.አ. በ2011 ስልክ በኢትዮጵያ መገጣጠም ጀምሯል፤ ይሁን እንጂ መገጣጠም ሌላ፣ መንደፍ ሌላ ነው። የሚነድፍ ትውልድ የሚገኘው የመሣሪያውን ሆድ ዕቃ ከፍተው ከሚጠይቁ ልጆች መካከል ነው። የምንቃወመው ሙከራው በተማሪው ብቸኛ ስልክ ላይ መደረጉን ነው። በጥገና ቤቶች መደርደሪያ ላይ ስክሪናቸው ተሰንጥቆ የተጣሉ ስልኮችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሳይንስ ክበባት ቢሰበስቧቸው፣ እንደ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቡሬ ካምፓስ ያሉ ተቋማትም መምህርና መለኪያ ቢያውሷቸው፣ ኦቨርክሎኪንግ ከወሬ ወደ ቤተ ሙከራ ሥራ ይሸጋገራል። ከለውጡ በፊትና በኋላ ፍጥነቱን፣ ሙቀቱንና የባትሪውን ቆይታ ለክቶ በሠንጠረዥ ያሰፈረ ተማሪ፣ ስልኩ ባይፈጥንለት እንኳ ሳይንስን ጨብጧል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ አስቀድሞ መለካት፣ ከዚያ መወሰን ይበጃል።