እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ

ሌሎች ጓደኞቼ በዚህ መጽሔት ስለ ንጽሕና፣ ስለ እንሰት ተክልና ስለ ዕውቀት ጥቅም ሲጽፉ፣ እኔ ስለ አንድ የቴሌቪዥን ድራማ ፍጻሜ ልጽፍ መነሣቴን አይታችሁ «ይህስ ሥራ የፈታ ነው» እንዳትሉኝ አስቀድሜ እለምናለሁ። ድራማው የባዕድ አገር ነው፤ በድራማው ምክንያት በራሴ ላይ ያየሁት ነገር ግን የአገራችን ነው። ስለዚህ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት እንድትሰሙኝ አደራ እላለሁ።

ባለፈው የመስቀል በዓል፣ ማለት በመስከረም ወር 2018 ዓ.ም.፣ የአጎቴ ልጅ እንደ ሌላው የጉራጌ ልጅ ሁሉ በዓሉን ከዘመድ ጋር ለማክበር ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ መጣ። ለእናቴ ሻሽ፣ ለእኛ ለልጆች ደግሞ በፍላሽ የተጫነ «ዘ ፔንግዊን» የተባለ ድራማ ይዞልን ነበር። ድራማው ስምንት ክፍል ስለሆነ፣ ከክትፎና ከቆጮው በኋላ በየማታው ሁለት ሁለት ክፍል እያየን በአራት ማታ ጨረስነው።

ላላዩት ሰዎች ጥቂት መግለጽ ይገባኛል። ፔንግዊን መብረር የማይችል፣ በምድር ላይ እየተንገዳገደ የሚሄድ ወፍ ነው። በዚህ ስም የሚጠራው ወንበዴ መጀመሪያ የታየው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በታኅሣሥ ወር 1941 በአሜሪካ በታተመ በሥዕል በሚተረክ መጽሔት ላይ ሲሆን፣ የባትማን ጠላት ሆኖ የተፈጠረ ነው። አሁን የምናገርለት ድራማ ግን በ2022 ከወጣው «ዘ ባትማን» ከተባለው ፊልም የሚቀጥል ነው። ሎረን ለፍራንክ የምትባል ሴት አዘጋጅታው በኤችቢኦ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው መስከረም 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ የመጨረሻው ክፍል የታየውም ኅዳር 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው።

ታሪኩ የኦዝ ኮብ ታሪክ ነው። ኦዝ ከተወለደ ጀምሮ እግሩ የተቆለመመ፣ በድኻ ሰፈር ያደገ፣ ለታላላቅ ወንበዴዎች የሚላላክ ሰው ነበር። ከተማይቱ ጎተም በጎርፍ ከተመታችና የወንበዴዎቹ አለቃ ከሞተ በኋላ፣ እርሱ በተራው አለቃ ለመሆን ይነሣል። በመጀመሪያው ክፍል ቪክቶር የሚባል ልጅ የመኪናውን ጎማ ሊሰርቅ ሲል ይይዘዋል። ቪክ (እንዲህ ነው የሚጠሩት) ወላጆቹንና ወንድም እኅቶቹን በዚያው ጎርፍ ያጣ፣ ሲናገር የሚንተባተብ ምስኪን ነው። ኦዝ ሊገድለው ሲችል ይተወዋል፤ ሾፌሩም ያደርገዋል። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ልጁ እንደ አባት ያየዋል። በሦስተኛው ክፍል ከሚወዳት ልጅ ጋር ከተማይቱን ለቅቆ ለመሄድ ዕድል አግኝቶ ሳለ፣ ኦዝን ከሞት ለማዳን ብሎ ይመለሳል።

አሁን ወደ ፍጻሜው ልምጣ። በስምንተኛው ክፍል ኦዝ ጠላቶቹን ሁሉ ያሸንፋል። ያሸነፈውም ባብዛኛው በቪክ ብልሃት ነው፤ ምክንያቱም የሌሎቹን አለቆች ምክትሎች አግባብቶ በጌቶቻቸው ላይ ያስነሣቸው ቪክ ነው። ከድሉ በኋላ ሁለቱ በወንዝ ዳር ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጠጣሉ። ልጁ እየተንተባተበ ኦዝን እንደ ቤተ ሰቡ እንደሚቈጥረው ይነግረዋል። ኦዝም ቤተ ሰብ የሰው ኀይሉ ቢሆንም ድካሙም ነው ብሎ በገዛ እጁ አንቆ ይገድለዋል። ገንዘቡን ከኪስ ቦርሳው አውጥቶ ይወስዳል፤ የመታወቂያ ወረቀቱን ወደ ውሃው ይወረውራል፤ ከዚያም እየተንገዳገደ ይሄዳል።

በቤታችን ዝምታ ሆነ። የጎረቤታችን ልጅ «ይህ መጨረሻ የተበላሸ ነው፤ ኦዝ ወይ መሞት ነበረበት፣ ወይ ልጁን ማትረፍ ነበረበት» አለ። የአጎቴ ልጅ ደግሞ «ብልጥ ማለት እንዲህ ነው፤ ምስጢሩን የሚያውቅበት ሰው አላስቀረም» አለ። በማግስቱም ክርክሩ ቀጠለ። እናቴ ቡና እያፈሉ ሲሰሙን ቆይተው፣ በእነርሱም ጊዜ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ይታይ በነበረው «ሰው ለሰው» በተባለው ድራማ፣ አበበ ባልቻ የተጫወተውን ክፉውን አስናቀን ለማየት ሰዓቱን ይጠብቁ እንደ ነበር ነገሩን። ስሙን ሲያነሡ ፈገግ አሉ። ከዚህ የተረዳሁት ነገር ክፉን ሰው መውደድ ከባሕር ማዶ የመጣብን በሽታ አለመሆኑን ነው።

ታዲያ ስለ ፍጻሜው የእኔ አስተያየት ምንድን ነው? በእኔ አስተያየት ፍጻሜው ትክክል ነው። የጎረቤቴን ልጅ ቅሬታ አልንቅም፤ እኔም በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ነገር ግን ነገሩን ወደ ኋላ እየመለስሁ ስቈጥረው፣ ድራማው አንድም ጊዜ እንዳላታለለን አየሁ። በመጀመሪያው ክፍል ኦዝ አንድ ሰው ስለ ሣቀበት ብቻ ተኩሶ ገደለው፤ እኛ «ሰውዬው ንቆት ነበር» አልን። በአራተኛው ክፍል፣ ሾፌሯ ሆኖ ሳለ የሶፊያ ፋልኮንን ምስጢር ለአባቷ አሳልፎ እንደ ሰጠና እርሷም ባልሠራችው ወንጀል ዐሥር ዓመት በአርካም የእብዶች ቤት እንደ ታሰረች ታየ፤ እኛ «እርሷም ብትሆን የወንበዴ ልጅ ናት» አልን። በሰባተኛው ክፍል፣ ገና ልጅ ሳለ የእናቱን ፍቅር ለብቻው ለማግኘት ሲል፣ ሁለት ወንድሞቹን በምድር ውስጥ ባለ የጎርፍ መውረጃ ቆልፎባቸው በውሃ እንዲያልቁ ማድረጉ ታየ፤ እኛ ግን «ልጅ ነበር» አልን። ለእያንዳንዱ በደል ምክንያት የሰጠነው እኛው ነን። ኦዝማ ቀልዱን ይቀልዳል፣ እኛ እንሥቃለን።

አበው «እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ» የሚሉት ይህን ነው። ኦዝን የተጫወተው ኮሊን ፋረል ፊቱ ፈጽሞ እስከማይታወቅ ድረስ በሌላ ፊት ተሸፍኖ ሳለ፣ ዓይኑና ድምፁ ብቻ ሰውን ይማርካሉ። ለዚህም ሥራው በጥር ወር 2025 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የጎልደን ግሎብ ሽልማት አግኝቷል። ሶፊያን የተጫወተችው ክሪስቲን ሚሊዮቲም በዚያው ዓመት በመስከረም ወር የኤሚ ሽልማት ተሰጥቷታል። ጥበባቸው ታላቅ በመሆኑ ውሃው እስከ አንገታችን እስኪደርስ ድረስ አልተሰማንም።

እዚህ ላይ የራሴን ነገር መናገር አለብኝ፤ ያለዚያ ሌላውን ብቻ የምከስስ ግብዝ እሆናለሁ።

በ2017 ዓ.ም. ክረምት ወልቂጤ አክስቴ ቤት ተቀምጬ በአንድ የእህል ነጋዴ መጋዘን ሠርቼ ነበር። ሥራዬ ኩንታሉ በሚዛን ሲለካ በመዝገብ መጻፍ ነው። ነጋዴው ተጫዋችና አንደበተ ርቱዕ ሰው ስለ ነበሩ እጅግ ወደድኋቸው፤ እርሳቸውም «ልጄ» ነበር የሚሉኝ። አንድ ቀን ከአንድ ጆንያ በቆሎ ጎድሎ ተገኘና የተሸካሚውን ልጅ ደመወዝ ቈረጡ። ልጁ «ጋሼ፣ እኔ አልነካሁም፤ ሲመጣም ጎዶሎ ነበር» ሲላቸው፣ «እንግዲያስ ጆንያው አስነጥሶት ይሆናላ» አሉ። በመጋዘኑ የነበርን ሁሉ ሣቅን። እኔም ሣቅሁ። ጆንያው ሲመጣ ጎዶሎ እንደ ነበር በመዝገቤ ጽፌ ሳለ ሣቅሁ።

ሦስት ሳምንት ቈይቶ የነጋዴው ባልንጀራ ሒሳቡን ሊያዩ መጡ። ጉድለቱ ብዙ ነበር። እኔ የጻፍሁት ነጋዴው የነገሩኝን ቍጥር ነው፤ እርሳቸው ግን ዓይን ዓይኔን እያዩ «ጽሕፈቱ የዚህ ልጅ ነው፤ እኔ ምን አውቃለሁ? ብዕሩ አስነጥሶት ይሆናል» አሉ። እንደ ገና ተሣቀ። የወር ደመወዜን ሳልቀበል ወጣሁ።

ቡታጅራ ተመልሼ ለአባቴ ብነግራቸው ነጋዴውን ይረግሙልኛል ብዬ ነበር። እርሳቸው ግን ጥቂት ዝም ብለው «የዚያን የተሸካሚ ልጅ ደመወዝ ሲቈርጡ አንተ ምን አልህ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ሣቅሁ፣ አባባ» አልኋቸው።

«ያን ዕለት መስክረህለት ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ የሚመሰክርልህ ሰው በኖረህ» አሉኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ከዚህ በኋላ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ነው በመስቀል ከኦዝ ጋር ቁጭ ብዬ እንደ ገና የሣቅሁት። ሶፊያ በተከዳች ጊዜ ነገሩ ይገባኝ ነበር፤ ግን አልገባኝም። የገባኝ ቪክ በሞተ ጊዜ ነው፤ ምክንያቱም ቪክን እንደ ራሴ ቈጥሬው ነበር። ስለዚህ ፍጻሜው ትክክል ነው የምለው ኦዝ የተለየ ሰው ስለ ሆነ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያው ሰው ነበረ። የተለየው ነገር በደሉ በምንወደው ሰው ላይ መድረሱ ብቻ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ድኽነት ነው እንዲህ ያደረገው» ብለው ይከራከሩኛል። ድኽነት ከባድ መሆኑን እኔም አውቃለሁ፤ ከአገራችን ስንቱ ልጅ የጫማ መጥረጊያ ሣጥን ተሸክሞ አዲስ አበባ እንደ ገባ ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ቪክ የዚያው የኦዝ ሰፈር ልጅ ነው፤ እንዲያውም ከኦዝ የባሰ ችግር ደርሶበታል፤ ቤተ ሰቡ ሁሉ አልቆበታልና። ይሁን እንጂ ችግሩ የሚወደውን ሰው እንዲገድል አላደረገውም። በሊስትሮ ጀምረው በመርካቶ ሱቅ የከፈቱ፣ ከዚያም የታናሽ ወንድማቸውን ልጅ ወስደው ያስተማሩ ስንት ሰዎች አሉ! ማደግ ሌላ፣ በሰው አንገት ላይ ቆሞ መርዘም ሌላ ነው።

ሌሎች ደግሞ «ሳይቀጣ ቀረ፤ ይህ ለወጣቶች መጥፎ ምሳሌ ነው» ይላሉ። እነዚህን ሰዎች የመጨረሻውን ትርኢት ደግመው እንዲያዩት እለምናቸዋለሁ። የኦዝ እናት ፍራንሲስ አእምሮዋ እየደከመ ስለ ነበር፣ ራሷን እስከ መርሳት ብትደርስ እንዲያሳርፋት ልጇን ቃል አስገብታው ነበር። ልጇ በወንድሞቹ ላይ ያደረገውን በሶፊያ ፊት እንዲናዘዝ ብትለምነው እንኳ እምቢ አላት፤ እርሷም በተሰበረ ጠርሙስ ወጋችውና ደም በአንጎሏ ፈስሶ ወደቀች። ከዚያ በኋላ አትናገርም፣ አትንቀሳቀስም። እርሱም ቃሉን አፍርሶ፣ ስትመኘው በነበረው ከፍ ባለ ፎቅ ላይ አስተኝቷታል፤ ከዓይኗ እንባ ይወርዳል። በሌላው ክፍል ደግሞ ኢቭ የምትባለውን ሴት የእናቱን ልብስ አልብሶ ያስጨፍራታል፤ «ኮርቼብሃለሁ» እንድትለውም ያደርጋታል። ከተማይቱን ሁሉ ያዘ፤ ነገር ግን ከልቧ «ልጄ» የምትለው አንዲት እናት አጣ። ከዚህ የበለጠ ወኅኒ ቤት አለን? በዚያው ሰዓት በመስኮቱ በኩል የባትማን ምልክት በሰማይ ላይ ይበራል፤ ስለዚህ ዳኛውም በመንገድ ላይ ነው።

ደግሞም ኦዝ ተይዞ ቢሰቀል ኖሮ እኛ «ፍርዱን አገኘ» ብለን በሰላም እንተኛ ነበር። ሳይቀጣ በመቅረቱ ግን ፍርዱ በእኛ እጅ ቀረ። የአጎቴ ልጅ «ብልጥ ነው» ሲል ፈረደ፤ እኔም ይህን ስጽፍ እየፈረድሁ ነው።

ባለፈው ጥር ወር አክስቴን ልጠይቅ ወልቂጤ ወርጄ ሳለ ያን የተሸካሚ ልጅ መናኸሪያው አጠገብ አገኘሁት። ጆንያው ሲመጣ ጎዶሎ መሆኑን እያወቅሁ ስለ ሣቅሁበት ይቅርታ ጠየቅሁት። እርሱም «ኧረ ረስቼዋለሁ» አለኝና ሸክሙን አስተካክሎ ሄደ። የረሳው አልመሰለኝም። ቢሆንም አሁን በመንገድ ስንገናኝ በስሜ ይጠራኛል።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፤ ድራማውን አትዩ አልላችሁም፤ እኔም ሁለተኛው ክፍል ቢወጣ አያለሁ። የምለምናችሁ ይህን ብቻ ነው፦ በፊልምም ሆነ በሱቅ፣ በመጋዘንም ሆነ በዚሁ በትምህርት ቤታችን ግቢ፣ አንድ ተጫዋች ሰው በደካማ ላይ ቀልዶ ሁሉም ሲሥቅ፣ እናንተ አንድ ጊዜ ዞር ብላችሁ የተሣቀበትን ልጅ ፊት እዩ። መምህራንና ወላጆችም ድራማውን ከማውገዛችሁ በፊት፣ አባቴ እኔን እንደ ጠየቁኝ «አንተስ ያን ጊዜ ምን አልህ?» ብላችሁ ጠይቁን። እኛ መልስ ባይኖረን እንኳ ጥያቄው አይጠፋብንም።