የሊስትሮው ሣጥን ከየት መጣ?



በ1958 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ለማኞች ታፍሰው ሾላ በታጎሩ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «ድሃ መሆን ወንጀል ነውን?» እያሉ አደባባይ ወጡ፡፡ እኛ ግን በአምቦ መናኸሪያ ሣጥኑን ታቅፎ የሚያድረውን ልጅ «ዱርዬ» ብለን እናልፋለን፤ ጫማችንን አስጠርገን በዋጋ የምንከራከረውም እኛው ነን፡፡

ከጉደር ወይም ከጊንጪ ገጠር የመጣውን ጠይቁት፡፡ ነገሩ ብዙ ጊዜ ከበሽታ ይጀምራል፡፡ አባት ይተኛል፤ ለመታከሚያ አንዱ በሬ ይሸጣል፡፡ በቀረው አንድ በሬ ከጎረቤት ጋር ተቀናጅቶ ማረስ ይቻላል፤ እሱም ሲሸጥ ግን መሬቱ ለሌላ በእኩል ይሰጣል፤ የቤቱ እህል ግማሽ ይሆናል፡፡ ትልቁ ልጅ ደብተሩን አስቀምጦ ወደ አስፋልቱ ይወርዳል፡፡ ይህ የልጁ ብልግና ነውን?

«የጤና መድን አለ» የሚሉን አሉ፡፡ አዎን፤ ማኅበረሰብ አቀፉ መድን በ2003 ዓ.ም. ኦሮሚያን ጨምሮ በሙከራ ተጀምሯል፤ መልካምም ነው፡፡ ነገር ግን መታወቂያውን ይዞ ሄዶ «መድኃኒቱ የለም፤ ከውጭ ግዛ» የተባለ ገበሬ ምን ይሽጥ? መድኑስ የተኛውን ሰው ማሳ ያርሳልን? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃን ከጉልበት ብዝበዛ የመጠበቅ መብት አለው ይላል፤ ልጆችን ከመንገድ ማፈስ ግን ጥበቃ አይባልም፡፡

እንግዲህ የኅብረቱ ጉባኤ ይወስን፤ በክረምት ዕረፍት የምንችል ሁሉ አባወራው ለታመመበት ቤት ደቦ እንውጣ፤ በየጤና ጣቢያው የጠፋውንም መድኃኒት ስም በስሙ ጽፈን ለወረዳው እንስጥ፡፡ ይህ የተማሪ ሥራ አይደለም የሚል ካለ በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥቶ ይናገር፡፡